ወለል ላይ ቁጭ በሉ፦ ወላጅ ለእገዛ ሕፃናት ክፍል ሲገባ

(ለመዋዕለ ሕፃናት ወላጆች ከተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ ወላጆች። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ ያስታውቃል። ደክሟችሁም ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችሁ 2 ዓመት አልፎታል፣ ወይም 3 ሊሞላው ነው። ትምህርት ቤት ጀምሯል። አስተማሪዋ «አልፎ አልፎ ክፍል ገብታችሁ ብታግዙን ደስ ይለናል» ብላችኋለች። እሺ ብላችኋል። እሺ ካላችሁ በኋላ ግን «ለመሆኑ ገብቼ ምን ልሠራ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ያሉ ልጆች ክፍል ውስጥ ነው። ወላጅ ሲገባ ክፍሉ እንዴት እንደሚለወጥ አያለሁ። አንዳንዴ ክፍሉ በሙሉ እርግት ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ይሯሯጣል። ልጅ አያያዝ የሚያውቅ ወላጅ ገብቶም ይተራመሳል፤ ከራሱ ልጅ ሌላ ሕፃን አቅፎ የማያውቅ ገብቶም ይረጋጋል። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን የሚያመጣው ወላጁ የት እንደሚቀመጥና እጁን ለመዘርጋት ምን ያህል እንደሚቸኩል ነው።

ስለዚህ ዋናውን ነገር አሁኑኑ ልናገረው። ከእናንተ የምፈልገው ትልቁ እገዛ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላችሁ ማየትና ስትፈለጉ መገኘት ነው። ቀላል ይመስላል። ስትሞክሩት ግን ከባድ እንደሆነ ታያላችሁ፤ አዋቂ ሰው ሥራ ሳይዝ መቀመጥ ይጨንቀዋል።

እኛ አስተማሪዎችም ይህን ጭንቀት እናባብሰዋለን። ወላጅ ሲመጣ መቀስ እንሰጠዋለን። ወረቀት ቁረጥልን፣ ብሩሽ እጠብልን፣ ይህን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፍልን እንላለን። ሥራው መሠራት አለበት፤ አልክድም። ግን ወላጅን ጥግ ላይ አስቀምጦ ወረቀት ማስቆረጥ ያሳዝነኛል። ወረቀቱን ልጆቹ ከተኙ በኋላም መቁረጥ ይቻላል። አንድ የተረጋጋ አዋቂ ልጆቹ ነቅተው በሚጫወቱበት ሰዓት ወለሉ ላይ ማግኘት ግን በየቀኑ የሚገኝ ዕድል አይደለም። የ2 ዓመት ልጆች ብዙ ሰው ይፈልጋሉ። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ሕጉ ለ5 የ2 ዓመት ልጆች ቢያንስ 1 አዋቂ እንዲኖር ያዛል። አንዷ ልጅ ዳይፐሯ ሲቀየር፣ አንዱ ሲያለቅስ፣ ሌላው ደግሞ ቀለሙን ሲደፋ አስቡት። ያቺ አንድ አስተማሪ የት የት ትድረስ?

ወላጅ ክፍል መግባቱ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን ውስጥ ሬጂዮ ኤሚሊያ የምትባል ከተማ አለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ከከተማዋ አጠገብ ያለች የአንዲት መንደር ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ የጭነት መኪናና ፈረስ ሸጡ። በገንዘቡ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለ ወጣት መምህር ወሬውን ሲሰማ ብስክሌቱን ይዞ ሄዶ አያቸው፤ ከዚያም አብሯቸው መሥራት ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሰው የሬጂዮ ኤሚሊያ የሕፃናት ትምህርት የተነሳው ከእነዚያ ወላጆች ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች የጀመረችው ሄድ ስታርት የተባለ ፕሮግራምም ወላጆችን ከመነሻው ክፍል ያስገባ ነበር።

እኔን በጣም የሚማርከኝ ግን የኒው ዚላንዱ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1941 የተጀመረ ፕሌይሴንተር የሚባል የሕፃናት ማዕከል አለ። ክፍሉን በተራ የሚመሩት ወላጆች ናቸው። ደስ የሚለኝ ወላጆቹ ሥልጠና መውሰዳቸው ነው። ልጅ ስለወለዱ ብቻ የሌላውን ልጅ ጨዋታ መምራት ያውቃሉ ተብሎ አይታሰብም። የአንድ ልጅ ወላጅ መሆን አንድ ነገር ነው። ለብዙ ልጆች የሚሆን አዋቂ መሆን ሌላ ነገር ነው። ይሄኛው ይለመዳል፣ ይሠለጠንበታልም። ዛሬ የሰበሰብኳችሁም ለዚሁ ነው።

ከራሳችሁ ልጅ ልጀምር። ዋናው ችግር የሚመጣው ከእሱ ነው።

ብዙ ወላጅ የሚጠብቀው ይህንን ነው፦ እኔ ስኖር ልጄ ደስ ይለዋል፣ ጎበዝ ይሆናል፣ ጓደኞቹን ያሳየኛል። የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሌላ ቀን ብቻውን የሚበላው ልጅ አጉርሱኝ ይላል። ሌላ ቀን ከጓደኞቹ ጋር የሚሮጠው እግራችሁ ላይ ሙጭጭ ይላል። እናንተ ሌላ ሕፃን ስታቅፉ ደግሞ እሪ ይላል። ወላጅ ያፍራል። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ?» ብሎ በዓይኑ ይጠይቀኛል። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ልጁም አልባሰበትም። እስከ ዛሬ ድረስ እናት የቤት ነበረች፣ ቲቸር የክፍል ነበረች። ዛሬ ሁለቱ አንድ ቦታ ተገናኙበት። የማን ሕግ እንደሚሠራ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ደግሞም ልጅ የሆዱን የሚያወጣው በጣም ለሚያምነው ሰው ነው።

ሜሪ አይንስወርዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በደንብ አጥንታለች። 1 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ከእናታቸው ጋር አሻንጉሊት ወዳለበት የማያውቁት ክፍል እያስገባች ትከታተል ነበር። እናት ቁጭ ብላ ሳለች ልጁ ራቅ ብሎ ይጫወታል፣ ዞር ብሎ እናቱን ያያል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። እናት ስትወጣ ጨዋታው ይቀንሳል። ልብ በሉ፤ ልጁ እንዲጫወት እናትየው ምንም መሥራት አላስፈለጋትም። እዚያው መኖሯ ራሱ ልቡን ያሳርፈዋል።

ጀርመን ውስጥ ብዙ መዋዕለ ሕፃናት የሚከተሉት የበርሊን የማላመድ ዘዴ የሚባል አሠራር አለ። የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። አዲስ ልጅ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት እናቱ ወይም አባቱ አብረውት ክፍሉ ውስጥ ይቆያሉ። በእነዚህ ቀናት ልጁን ትቶ መውጣት አይሞከርም። ወላጁ አንድ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ልጁ ሲመጣ ይቀበለዋል። «ሂድ እንጂ ተጫወት!» ብሎ አይገፋውም፣ ወደ ራሱም አይጎትተውም። ለአጭር ጊዜ መለየት የሚሞከረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ለእናንተ የምወስደው አንድ ነገር አለ። ልጃችሁ ተጣብቆባችሁ ከዋለ ይዋል። አትግፉት። ጭናችሁ ላይ እንዳለ ለሌላውም ልጅ ፊት ስጡ። የጭናችሁ አንዱ ወገን የእሱ፣ ሌላው ወገን የመጣው ልጅ ይሁን። ማታ ቤት ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩት፦ «ነገ እማማ ክፍላችሁ ትመጣለች። እማማ የአንተ ናት። ሌሎቹንም ልጆች ታግዛለች። ስትወጣ ቻው ትልሃለች።» አጭር ነው። ይበቃል። ሌላ ልጅ አቅፋችሁ ቢቀና «አይቀናም! ትልቅ ልጅ አይደለህ?» አትበሉት። ስሜቱን በስሙ ጥሩለት፣ አጠገባችሁ ቦታ ስጡት፣ የጀመራችሁትንም ጨርሱ።

እሺ፣ ተቀመጣችሁ። ልጃችሁም ቀስ እያለ ተላቀቀ። አሁን ምን ታያላችሁ?

ብዙ ወላጆች «ልጄ ብቻውን ነው የሚጫወተው፤ ጓደኛ የለውም» ብለው ይጨነቃሉ። ሚልድረድ ፓርተን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በመዋዕለ ሕፃናት ያሉ ከ2 እስከ 5 ዓመት የሚሆናቸው ልጆች እንዴት እንደሚጫወቱ ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1932 ጽፋለች። ብቻውን የሚጫወት አለ። ቆሞ የሌሎቹን ጨዋታ የሚያይ አለ። ከሌላው ጎን ቁጭ ብሎ፣ ያንኑ አሻንጉሊት ይዞ፣ ግን የራሱን ጨዋታ የሚጫወት አለ። ተነጋግረው አብረው የሚጫወቱት በዕድሜ ከፍ ያሉት ናቸው። የ2 ዓመት ልጅ ጎን ለጎን ከተጫወተ ደህና ነው። ጎረቤቱን ሳያናግር ሁሉንም ነገር ከእሱ ይቀዳል። አንዱ አሸዋውን በጣሳ ሞልቶ ሲደፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ያኛውም ሞልቶ ይደፋል። እናንተ መሐል ገብታችሁ «ኑ አብራችሁ ቤት ሥሩ» ካላችሁ ሁለቱም ጥለውት ይሄዳሉ። ቆሞ የሚያየውንም ልጅ ተዉት። እያየ ነው የሚማረው። እንደ ፈዛዛ አትቁጠሩት።

አሁን ወደ እጃችሁ ልምጣ።

ወደ ውጭ የመውጫ ሰዓት ነው እንበል። ሁሉም ጃኬቱን ይዟል። አንዲት ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከዚፑ ጋር ትታገላለች። የዚፑን ጫፍ ይዛለች፤ ወደ መግቢያው ግን አልሄደላትም። ምላሷን አውጥታለች። አንድ አባት አጠገቧ ተንበርክኳል። እጁ ወደ ዚፑ ሊሄድ ሲል አየሁት። መለሰው። ጉልበቱ ላይ አደረገው። ልጅቷ ሞከረች፣ ሳተች፣ ሞከረች፣ ሳተች። ፊቷ መቅላት ጀመረ። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ ብቻ «ታችኛዋን ልያዝልሽ?» አላት። ራሷን ነቀነቀች። እሱ ታችኛዋን አስገብቶ ጨርቁን ወጠር አድርጎ ያዘላት። እሷ ዚፑን እስከ አገጯ ሳበችው። ጨርሳ ምንም አላለችም፤ ተነስታ ወደ በሩ ሮጠች።

ያ አባት ያደረገውን በደንብ አስተውሉልኝ። ያገዛት ያቃታትን ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ጠበቀ። ልጅቷ እንድታየው ፈቀደ። ጠየቃት። የቻለችውን ለእሷ ተወላት። ዴቪድ ውድ፣ ጀሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት ይህን ዓይነቱን እገዛ ለሕንፃ ግንባታ ከሚቆም እንጨት ጋር አመሳስለውታል። ሕንፃው ራሱን ችሎ ሲቆም እንጨቱ ይነሳል። እኛ አዋቂዎች ግን እንጨቱን ቶሎ ማንሳት አንወድም። ዚፑን ራሳችን ብንዘጋው ቶሎ ያልቃል፤ እውነት ነው። ልጅቷም ነገ መጥታ ዝጋልኝ ትላለች። ከነገ ወዲያም።

ስለዚህ አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። ልጅ ሲታገል ስታዩ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ልጁ ካየ፣ ከጠራ፣ ወይም ተናዶ ሊወረውረው ከሆነ ያን ጊዜ ቅረቡ። አደጋ ካለ ግን መቁጠር የለም፤ ወዲያው ነው። ጫማ፣ ማንኪያ፣ ክዳን፣ እጅ መታጠቢያው ጋ ያለው ሳሙና፣ ሁሉም በዚህ ይገባል። ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ቢያደርግስ? ክፍል ውስጥ ከሆነ ይሁን። መውጣት ካለብን «እግርህን አልቆረቆረህም?» በሉት። ራሱ ያየዋል።

ዝምታውን ለአፋችሁም እፈልገዋለሁ። አዋቂ ልጅ አጠገብ ሲቀመጥ ፈተና ይጀምራል። «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ይሄስ? ስንት ናቸው? ላም ምን ትላለች?» ልጁ ሊጫወት ነበር የመጣው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። አብዛኞቹ 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይጠብቁ ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ያልተናገሩትም መናገር ጀመሩ። እነዚያ ከእኛ ልጆች በዕድሜ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። የ2 ዓመት ልጅ ቃሉን ከአፉ ለማውጣት ከዚያም በላይ ጊዜ ይወስድበታል።

ከመጠየቅ ይልቅ የምታዩትን ተናገሩ። «ውሃውን ከትልቁ ወደ ትንሹ ገለበጥሽው። ሞላ! ፈሰሰ!» ከዚያ ዝም በሉ። እሷ «ፈሰሰ» ካለች «አዎ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ» በሉ። የተናገረችውን ወስዳችሁ በትንሹ አስረዝማችሁ መለሳችሁላት ማለት ነው። ቋንቋ እንዲህ ነው የሚገባው። «ፈሰሰ» ስትል አሳስታ «ፈተተ» ብትልም አታርሟት፤ እናንተ በትክክል ድገሙት፣ ይበቃል። ቤታችሁ የምትናገሩት ሌላ ቋንቋ ካለ ደግሞ ይዛችሁት ግቡ። ክፍሉ ውስጥ ያንን ቋንቋ የሚሰማ ሌላ ልጅ ካለ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ።

ጠብ ይነሳል፤ መነሳቱ አይቀርም። ሁለት ልጆች አንድ ቀይ መኪና ይዘዋል። አንዱ በጎማው፣ አንዱ በጣሪያው። ሁለቱም ይጮኻሉ። ወላጅ ወዲያው ዳኛ ይሆናል፦ «ቀድሞ የያዘው ማነው?» በእርግጥ አታውቁም። የአንዱ ወላጅ ከሆናችሁማ ፍርዱ ከሁለት አንድ ነው፤ ወይ ለልጃችሁ ታደላላችሁ፣ ወይ «አያደላም» ለመባል ልጃችሁን ትቀሙታላችሁ። ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው። ልጃችሁንም ይጎዳዋል።

እንዲህ አድርጉ። ቁመታችሁን ቀንሱ። እጃችሁን መኪናው ላይ አሳርፉ፤ አትንጠቁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ሁለታችሁም መኪናውን ፈለጋችሁት» በሉ። ጠብቁ። አስገራሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይለቃል። ካልለቀቀ «መኪናውን እኔ ልያዘው፤ ምን እናድርግ?» በሉ፣ ወይም ሌላ መኪና አሳዩ። «ተካፈሉ» የሚለው ቃል ለ2 ዓመት ልጅ ብዙ ትርጉም የለውም። ተራ መጠበቅም ገና ጅማሬ ላይ ነው። ካልሆነ አስተማሪዋን ጥሩ። መጥራት ሽንፈት አይደለም።

መናከስስ? ከ1 እስከ 3 ዓመት ባሉ ልጆች ክፍል መናከስ ያለ ነገር ነው። ጥርስ ሲያበቅል፣ ቃል ሲያጥረው፣ ቦታው ሲጣበብ፣ እንቅልፉ ሲመጣ ልጅ ይነክሳል። ክፉ ልጅ ስለሆነ አይደለም። ካያችሁ መጀመሪያ የተነከሰውን አቅፉ። ለነከሰው ፊቱን እያያችሁ «መንከስ ያማል። አይነከስም» በሉና አቁሙ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። መልሶ መንከስ፣ ማሳፈር፣ ጥግ ማስቆም ከዚህ ክፍል ውጭ ነው። የቁስሉን ነገር ለአስተማሪዋ ተዉላት፤ እሷ በውሃና በሳሙና አጥባ ለሁለቱም ቤተሰብ ታሳውቃለች።

ይህን ካነሳሁ አይቀር ጠንከር አድርጌ የምለው ነገር አለ። ማን ማንን እንደነከሰ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ የማን ልጅ ገና እንደማይናገር፣ የማን ልጅ ሱሪው ላይ እንደሸና ከክፍሉ አይወጣም። በስልክ ግሩፕ ላይ አይጻፍም። መኪና ውስጥ ለጎረቤት አይወራም። እናንተ ዛሬ የሌላውን ልጅ እያያችሁ ነው፤ ነገ ሌላ ወላጅ የእናንተን ያያል። ስልካችሁ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። የራሳችሁን ልጅ ብቻ ለማንሳት ብትፈልጉ እንኳን ከኋላ የሌላ ልጅ ፊት መግባቱ አይቀርም። ልጆቹን ደግሞ አታወዳድሩ። በዚህ ዕድሜ አንዱ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ አንዱ ገና ሁለት ቃል እያገጣጠመ ነው፤ ሁለቱም ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለ ልጃችሁ ያሳሰባችሁ ካለ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ለብቻችን እናውራ። ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማችኋለሁ።

የደህንነቱን ነገር ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ ወረቀቱ ላይም ተጽፏል። ስትገቡ እጃችሁን ቢያንስ 20 ሰከንድ በሳሙና ታጠቡ። ካመማችሁ አትምጡ። ከቤት ምግብ ይዛችሁ ለልጆች አትስጡ፤ አለርጂ ያለበት ልጅ አለ፣ የሁሉንም አታውቁም። የመክሰስ ሰዓት ከእኛ ጋር ከተቀመጣችሁ ሙሉ የወይን ፍሬና ኦቾሎኒ የዚህ ዕድሜ ልጅ ሊያንቀው እንደሚችል አስታውሱ፤ ወይን በቁመቱ ተሰንጥቆ ነው የሚሰጠው። ኪሳችሁን ፈትሹ። ሳንቲም፣ የሰዓት ባትሪ፣ ማግኔት፣ መድኃኒት አይገባም። በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶኑ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አፍ አደገኛ ነው ብላችሁ ያዙት። ዳይፐር መቀየርና መጸዳጃ ቤት መውሰድ የአስተማሪዎቹ ሥራ ነው። የራሳችሁን ልጅ ካልሆነ በስተቀር እናንተ አታደርጉትም። በር ከከፈታችሁ ዝጉ፤ ከኋላችሁ ሁልጊዜ አንድ ልጅ አለ።

ስለ ማመስገንም ላንሳ። ወላጆች በጣም ታመሰግናላችሁ። «ጎበዝ! ጎበዝ! አንበሳ!» ሁሉም ልጅ ላይ፣ ለሁሉም ነገር። ፍቅራችሁ ይገባኛል። ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ የሕፃናት ክፍል ነው የሠሩት። ሥዕል መሣል የሚወዱ ልጆችን መረጡ። ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሏቸው፣ ሸለሟቸውም። ከቀናት በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶው በነፃ ሲቀርብ፣ ሽልማት ጠብቀው የሣሉት ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ሣሉ። ሽልማቱ ከመምጣቱ በፊት ያለ ማንም ጎትጓች ይሥሉ የነበሩ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከረሜላ አታምጡ፣ ስቲከር አታምጡ። ልጁ ሥዕሉን ሲያሳያችሁ «ሰማያዊውን እስከ ጥግ ድረስ ወሰድከው» በሉት። እንዳያችሁት ይገባዋል፤ የሚፈልገውም እሱን ነው።

አሁን በጣም ከባዱ ሰዓት፦ መውጣት።

ልጃችሁ ተጫውቷል። እናንተ መሄድ አለባችሁ። «እየተጫወተ እያለ ሳላስለቅሰው ሹልክ ልበል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እባካችሁ አታድርጉት። ልጁ ዞር ብሎ ሲያጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ዓይኑን ከእናንተ አይነቅልም፤ መጫወት ያቆማል። መሄዳችሁን ከ5 ደቂቃ በፊት ለአስተማሪዋ ንገሯት፤ እጇን ነፃ ታድርግ። ከዚያ ወደ ልጁ ውረዱ። «እማማ አሁን ትሄዳለች። ከእንቅልፍ ስትነሳ ትመጣለች» በሉት። ሰዓት አትጥቀሱለት፣ የሚያውቀውን ነገር ጥቀሱለት። ሳሙት። ሂዱ። ካለቀሰ አስተማሪዋ ትቀበለዋለች። እናንተ ሆዳችሁ ባብቶ ከበሩ ብትመለሱ፣ ሁለተኛው ለቅሶ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ውጭ ሆናችሁ መጨነቃችሁ አይቀርም። ደውሉ። እንዴት እንደሆነ እውነቱን እንነግራችኋለን፤ እያለቀሰም ከሆነ እያለቀሰ ነው እንላለን። «ከእንቅልፍ ስትነሳ» ያላችሁትን ደግሞ ጠብቁት። ብትዘገዩ ንገሩን፣ እኛ ለልጁ እንነግረዋለን።

አባቶች፣ ወደ እናንተ ዞሬ አንድ ነገር ልበል። የመመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ አብዛኛው ስም የእናቶች ነው። ልጆቹ አባት ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ማየት ያስፈልጋቸዋል፤ ቤታቸው አባት የሌላቸውም አሉ። አያትም ይምጣ፣ አክስትም ትምጣ። ሥራ የማይለቃችሁ ወላጆች ደግሞ አትሸማቀቁ። አንድ ሰዓት ብቻ ካላችሁ አንድ ሰዓት ኑ። ጠዋት ስታመጡት ትንሽ ደቂቃ ጫማ ማውለቂያው ጋ ቁጭ ብትሉም እገዛ ነው። ጨርሶ መምጣት የማይችል ወላጅ ያለው ልጅ ክፍላችን ውስጥ ምንም አይጎድልበትም። የመጡት ወላጆች ለእሱም ነው የሚመጡት፤ ጭናቸው የሁሉም ነው ብያለሁ።

ለመጀመሪያ ቀን ስትመጡ ቀለም ቢነካው የማታዝኑበትን ልብስ ልበሱ። ስትጨርሱ አስተማሪዋን «ዛሬ ምን አየሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ እሷም እናንተን ትጠይቃችኋለች። እናንተ ከወለሉ ያያችሁትን እሷ ቆማ አላየችውም።

የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። ስትገቡ «ልጄ ሌላ ልጅ ሳቅፍ እያየችኝ ታለቅሳለች» ያሉኝ እናት ነበሩ፤ ከእርስዎ እንጀምር፣ ይቀጥሉ።